ሰልፍ የያዙ ድንጋዮች

ቡታጅራ ተመድቤ ስመጣ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ሰልፍ አያያዝ ነው። የተከራየሁበት ሰፈር ሰው ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነው፤ ቦኖው የሚከፈተው ደግሞ ሰዓት ጠብቆ ነው። ሰው ቀደም ብሎ ይመጣና ጄሪካኑን፣ ጄሪካን ካልያዘ ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ድንጋዩ ባለቤት አለው። ማንም አይነካውም፣ ማንም አይቀድመውም። ቦኖው ሲከፈት ባለቤቱ ይመጣል፣ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ ያደርግና በቦታው ይቆማል። እኔ ያደግሁት ወልቂጤ ነው፤ እዚያም ጄሪካን ይሰለፋል፤ ድንጋይ እንደዚህ ሲከበር ያየሁት ግን እዚህ ነው። ነገሩን ከዚህ የጀመርኩት ያለዚህ የሚቀጥለው ስለማይገባ ነው።

ሰፈራችንን አንድ ቦይ ለሁለት ይከፍለዋል። ከቦዩ በላይ ያለው ላይ ሰፈር፣ ከቦዩ በታች ያለው ታች ሰፈር ይባላል። ክረምት ሲገባ ከዘቢዳር ተራራ በኩል የሚወርደው ጎርፍ ቦዩን ሞልቶ ወደ ታች ሰፈር ይገለበጣል። ላይ ሰፈር ጫማ ይረጥባል፤ ታች ሰፈር ፍራሽ ይረጥባል። እኔ የምኖረው ታች ሰፈር ነው። ቤቴ ግን ከፍ ያለ መሠረት ስላለው ጎርፉን የማየው ከደፍ ላይ ቆሜ ነው።

ታች ሰፈር ወደ ቀበሌው ምክር ቤት ሰው አስገብቶ አያውቅም። የቀበሌ ምርጫ ሲመጣ በእኛ ጣቢያ የሚመረጠው አንድ ተወካይ ነበር፤ የተወዳደሩት ደግሞ ሁለት። አንደኛው የላይ ሰፈር ሰው፣ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ከሰፈሩ ሰው እሳቸው መርፌ ያልወጉት ጥቂት ነው። ሁለተኛዋ የታች ሰፈር በርበሬ ነጋዴ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢ ናቸው። ጎርፍ ሦስት ክረምት ተከታትሎ ቤታቸው ገብቷል፤ በሦስተኛው ለገበያ ያዘጋጁትን በርበሬ ከነማዳበሪያው ወስዶታል። ቅስቀሳቸው አጭር ነበር፤ ቦዩ ይስፋ፣ አፉም ወደ ወንዙ ይዙር። "ሌላስ ምን ሊሠሩልን አስበዋል?" ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር። "እሱ ሳያልቅ ሌላ አልጀምርም" ብለው በርበሬያቸውን መስፈር ቀጠሉ። ታች ሰፈር በዚያ ምርጫ የሚፈልገው ይኸው ብቻ ነበር፤ ስለ ቦዩ ምክር ቤት ገብቶ የሚናገር አንድ ሰው።

እኔ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ። መምህር ስለሆንኩና ሥልጠናውን በጥሩ ውጤት ስለጨረስኩ ነው። የማስተምረው ሥነ ዜጋ ነው፤ ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁ። ከምርጫው በፊት የነበረውን ወር ሙሉ በካርቶን ላይ የድምፅ መስጫ ወረቀት ሥዬ ቦኖ ስር፣ ዕድር ስብሰባ ላይ፣ በርበሬ ተራ ውስጥ ሳይቀር እየተዘዋወርኩ አስረዳሁ። ካርዱ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቀለሙ የትኛው ጣት ላይ እንደሚቀባ፣ ወረቀቱ በየት በኩል እንደሚታጠፍ። ሰዎቹ በትዕግሥት ይሰሙኛል። አንድ ቀን አንድ ግንበኛ እኔን ሲያይ ጓደኞቹን "መምህርቷ መጣች፤ ጆሯችሁን አሰናዱ" ሲላቸው ሰማሁ። አልተቀየምኩም። እንዲያውም ተሰናድተው ስላገኘኋቸው ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።

በምርጫው ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ለወኪሎቹ አሳይቼ አሸግሁ። ወኪሎቹ ሁለት ነበሩ። የጤና ረዳቱ ወኪል ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይዘው ነው የመጡት። የበርበሬ ነጋዴዋ ወኪል ልብስ ሰፊ ነው፤ ወጣት፣ ቀልደኛ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ረስቶ የመጣ። "ልለካቸው አልመጣሁም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው" ብሎ ወደ ኪሱ ከተተው። አስፈጻሚዎቹ እኔን ጨምሮ አምስት ነበርን።

ጣቢያው የቀበሌው አዳራሽ ነው። ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ በቆርቆሮው አጥር ጥግ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ጠዋት በብዛት የመጣው ላይ ሰፈር ነበር። ታች ሰፈር ነጋዴ ስለሚበዛበት ገበያውን ጨርሶ ነው የሚመጣው። ሰልፉ ግን ይዘገይ ነበር። የሚያዘገየው ደግሞ እኔ ነኝ። የእያንዳንዱን መራጭ ስም ከመዝገቡ ሁለት ጊዜ አስነብቤ፣ ከዚያ ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት እንዴት እንደሚሞላ እንደገና አስረዳ ነበር። ወደ አምስት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ጠጋ ብለው፣

"መምህርት፣ ይህን ሁሉ እኮ በወሩ ውስጥ ነግረሻቸዋል" አሉኝ።

"ቢረሱትስ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"እኔ በሠላሳ ዓመት ያየሁት ተማሪ የሚረሳው ሲደጋገምበት ነው።"

ፈገግ አልኩ እንጂ አላሳጠርኩም።

ስምንት ሰዓት እንዳለፈ የታች ሰፈር ሰው ሰልፉን ሞላው። በዚያው መሐል የዕድሩ ለፋፊ የድምፅ ማጉያውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከአስፋልቱ ሲመጣ አየሁ። ሮጥ ብዬ ወጥቼ አስቆምኩት። በምርጫ ጣቢያ አጠገብ በድምፅ ማጉያ መናገር ክልክል መሆኑን፣ ክልከላው ለምን እንደተደነገገም ነገርኩት።

"እህቴ፣ ሞት የምርጫ ምልክት አለው እንዴ?" አለኝ። "ምረጡት ልል አልመጣሁም።"

"ማን ሞተ?"

የሞቱት የዕድሩ ድንኳን ተካይ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በርበሬ ተራ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆነው የሠሩ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሩ ሰው በሞተበት ቤት ሁሉ ድንኳን ሲተክሉና ሲነቅሉ የኖሩ። ሙስሊምም ክርስቲያንም ሲሞት ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ገመዱን በሚወጥሩበት ጊዜ ስለ ሟቹ አንድ ጥሩ ነገር ሳይናገሩ አይቀሩም ነበር፤ ሟቹ ጥሩ ነገር ባይኖረው እንኳ "ድንኳን የሚያስተክል ሰፊ ደጅ አለው" ይሉለታል። እኩለ ቀን ላይ ነው ያረፉት። ሙስሊም ናቸው፤ ቀብሩ በዚያው ቀን መሆን አለበት። እንደ አገሩ ልማድ ደግሞ የሚቀበሩት ከተማው ውስጥ ሳይሆን የትውልድ መንደራቸው፣ ከአስፋልቱ ወርዶ በሚገባ የመስቃን ገጠር ነው። ወንዶቹ ወደ መቃብሩ፣ ሴቶቹ እዚያው መንደር ለቅሶ ቤት ሊቀመጡ፣ ሁሉም መሄዱ ነው። ዕድሩ ያዘዛቸው ሁለት ኢሱዙዎች አስፋልቱ ላይ ቆመው ነበር።

"በአፍህ ንገራቸው እንጂ በማጉያው አይሆንም" አልኩት።

ለፋፊው ማጉያውን እኔን አስይዞ ለሰልፈኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሹክሹክታ ነገረው። ከዚያ አንዱ ጎንበስ አለና ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሣ፣ በቆመበት ቦታ አስቀመጠና ወደ ኢሱዙው ሄደ። ቀጥላ የነበረችው ሴትዮ እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ሁሉም። ድንጋይ ያጣው ጡብ ስባሪ፣ ጡብ ያጣው ፌስታል በጠጠር ሞልቶ፣ አንዷ ጥቁር ጃንጥላ፣ አንዱ የተቀመጠበትን የፕላስቲክ በርጩማ።

ከበሩ ቀጥሎ ተራ የደረሰው ያው "ጆሯችሁን አሰናዱ" ያለው ግንበኛ ነበር። "አንተ እንኳ መርጠህ ሂድ" ብዬ ላስገባው ስል ኢሱዙው ጡሩምባውን ነፋ፤ እሱም ወደዚያ አየና ከፊቱ ያስቀመጠውን ድንጋይ በእግሩ አስተካከለ።

"መምህርት፣ ሰልፋችንን ጠብቂልን። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንመለሳለን" አለኝ።

"እሺ" አልኩ።

ወር ሙሉ ስናገር ከቆየሁት ሁሉ አጭሩ ቃል እሱ ነበር።

ልብስ ሰፊው ከመስኮቱ ሆኖ ይህን ሁሉ አይቷል። ወዲያው ዕጩዋ ጋ ደወለ። እሳቸው ጠዋት መርጠው ሄደዋል፤ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢ ስለሆኑም በመጀመሪያው ኢሱዙ ላይ የተሳፈሩት እሳቸው ናቸው። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ስለነበር መልሳቸውን ሁላችንም ሰማነው።

"ግማሹን እንኳ ያስቀሩት፣ እትዬ" አለ። "ይሄ ሁሉ የእርስዎ ሰው ነው።"

"ግማሽ ቀብር የለም" አሉ። "ሬሳ አይቆይም፤ ድምፁ ይደርሳል።"

ሰልፉ ላይ ሠላሳ ሰባት ድንጋይና ዕቃ፣ አንዲት አሮጊት ቀሩ። አሮጊቷ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ሰልፍ አይጠብቅም በሚለው ደንብ ጠዋት ገብተው መርጠዋል፤ ጣታቸው ቀለም አለው። ጉልበታቸው ስለማይችል ገጠር አልሄዱም። በርጩማዋን ከቦታዋ ሳያንቀሳቅሱ ተቀመጡባትና የድንጋዮቹ ጠባቂ ሆኑ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ዳይሬክተሩ እግራቸውን ሊያፍታቱ ሲወጡ ጫማቸው አንዱን ጡብ ነካው።

"አንተ ዳይሬክተር፣ ሰው ረገጥክ" አሏቸው።

"ይቅርታ፣ እማማ።"

"ለእኔ ምን ታደርገዋለህ? ለእሱ ንገረው።"

እኔንም አልማሩኝም። ቀረብ ብዬ በወልቂጤው ጉራጊኛ ሳናግራቸው ሳቁብኝ። "የእናንተ የሰባት ቤቱ ቋንቋ ጎኑን እንደታመመ ሰው ይራመዳል" አሉኝ። "በአማርኛው አውሪኝ፣ ልጄ።" በአማርኛው እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አወራን።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። ጥሎ ጥሎ አሥራ አንድ ሊሞላ ሲል አቆመ። አሥራ አንድ ሞላ፣ ማንም አልመጣም። ዐልፎ ዐልፎ ከላይ ሰፈር የዘገየ መራጭ ይመጣል፣ ድንጋዮቹን አልፎ ይገባል፤ ሰው ስለሌለ ማለፉ ግድ ነው። አሮጊቷ ግን እያንዳንዱን "ውለታ አለብህ፣ አሳልፈውሃል" ይሉት ነበር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ የልብስ ሰፊው ስልክ ጮኸ። ሰምቶ ሲጨርስ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

"አንደኛው ኢሱዙ ጭቃ ይዞታል" አለን። "መንገዱን ስለዘጋው ሁለተኛውም ቆሟል። እየገፉ ነው።"

ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጣቢያው ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ሰልፍ ላይ ያለ መራጭ ግን ድምፁን ሳይሰጥ አይመለስም። ይህን ራሴ በካርቶን ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው፤ ድንጋዩ ሰልፍ ላይ ነው ወይስ አይደለም? የማስተባበሪያ ቢሮው ጋ ደወልኩ። ያነሣው ሰው ድምፁ የደከመ ነበር።

"ሰልፍ ላይ ያለ ይምረጥ፣ የሌለ አይምረጥ" አለኝ።

"ሰልፍ ላይ ድንጋይ አለ።"

"ምን አለ?"

አስረዳሁት። ቦኖውን፣ ዕድሩን፣ ኢሱዙውን። "በቃለ ጉባኤ ወስኑ" ብሎ ዘጋው።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወጣሁ። ውሳኔው የትኛውም ቢሆን ድንጋዮቹ የማን እንደሆኑ መጻፍ አለበት ብዬ ነው። አሮጊቷ በከዘራቸው አንድ በአንድ እየጠቆሙ ባለቤቶቹን ከነአባታቸው ስም ጠሩልኝ። ይህ የግንበኛው። ይህቺ የባለ ሻይ ቤቷ። ይህ የአናጢው፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚስቱ፤ ተጣልተው ስለነበር መሐላቸው ክፍት ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ ልብስ ሰፊው ከመዝገቡ ያመሳክራል፣ ዳይሬክተሩ ከኋላ ቆመው ይሰማሉ። አንድም ስም አልተሳሳቱም። ጥቁሯ ጃንጥላ ጋ ስንደርስ ከዘራቸውን አነሡና፣

"ይህቺን ዳይሬክተሩ ይንገርሽ" አሉ።

ዳይሬክተሩ ጃንጥላዋን ትንሽ አዩዋት። "የባለቤቴ ናት" አሉ።

እሳቸው የላይ ሰፈር ሰው ናቸው። ዕድሩ ግን አንድ ነው። ሠላሳ ሰባቱ ሁሉ የታች ሰፈር ሰው መስሎን ነበር፤ ስም ሲቆጠር ስድስቱ የላይ ሰፈር ሆኑ።

አዳራሹ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ልብስ ሰፊው ቀደመ።

"ቦኖ ላይ ድንጋይ ሰው ነው" አለ። "ይህን የማያውቅ እዚህ ውስጥ አለ? ታዲያ መቶ ሜትር ሳይርቅ ድንጋዩ ድንጋይ ይሆናል?"

"ቦኖ ጣት አያስቀባም" አሉ ዳይሬክተሩ። "ውሃን ጄሪካን ይወክለዋል። ድምፅን ማንም አይወክለውም። ድንጋይ ጣት የለውም።"

"ባለቤትዎስ?"

"እሷም ትቅር። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ቤት ስገባ ምን እንደምትለኝ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ቢሆንም ትቅር።"

ወኪል ሐሳብ ይሰጣል እንጂ አይወስንም። የምንወስነው አምስታችን ነን። ሁለቱ ባልደረቦቼ በዝርዝሩ ላይ ስማቸው ያለ ሲመጡ ይግቡ አሉ፤ ሁለቱ ይዘጋ አሉ። እኔ ቀረሁ።

ያኔ ያሰብኩትን እንዳሰብኩት እጽፈዋለሁ። ድንጋዩን ሰው ካልን፣ ቀብር ሄዶ ድንጋይ ያላስቀመጠውስ? ሌላ ጣቢያ ሰልፍ ላይ ሆኖ ልጁ ታሞበት የሄደውስ? ሰልፍ ማለት ምን እንደሆነ እኛ አምስታችን እንደ ሰፈራችን ልማድ ከተረጎምነው፣ ሌላው ጣቢያ እንደ ሰፈሩ ልማድ ይተረጉመዋል። ይህ ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ ዛሬም አልለወጥኩትም። ግን ብቻውን አልነበረም። እኔ የታች ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ካርዴን ይዤ ስገባ የመረጥኩትን አውቃለሁ። በሩን ከከፈትኩ "ለሰፈሯ ብላ ነው" ይሉኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ደንቡን ያከበርኩት ለደንቡ ስል ብቻ ነው ብዬ መማል አልችልም።

"ይዘጋ" አልኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወጥቼ ከሰልፉ ላይ ያልመረጠ ሰው መኖር አለመኖሩን ተመለከትኩ። ሰው አልነበረም። ይህንንም በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩ። አምስታችንና ዳይሬክተሩ ፈረምን፤ ልብስ ሰፊው ግን "በተቃውሞ" የሚል ጨምሮበት በሰባተኛነት ፈረመ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደረሱ። ኢሱዙዎቹን ጥለው የመጨረሻውን መንገድ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነበር። ወንዶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። በቀጥታ ሄደው እያንዳንዳቸው በየድንጋያቸው ላይ ቆሙ። ማንም ማንንም አልገፋም፣ ማንም ቦታ አልተሳሳተም፤ አናጢውና ሚስቱም ክፍቱን ቦታ መሐላቸው ትተው ቆሙ። አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ትክክለኛ ሰልፍ ሆነ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አስረዳሁ። አንቀጹን፣ ስልኩን፣ ውሳኔው በድምፅ ብልጫ መሆኑን፣ ቅሬታ ያለው የት ማቅረብ እንደሚችል። ረጅም ጊዜ ተናገርኩ። እንደ ሁልጊዜው በትዕግሥት ሰሙኝ።

ስጨርስ ግንበኛው፣ "እሺ ብለሽን ነበር እኮ" አለ።

"ብያለሁ።"

"እሺ" አለ፤ ድንጋዩን አንሥቶ ወደ አጥሩ ሥር መለሰና ሄደ።

ሌሎቹም መለሱ። አንድ ሰው እንኳ ድንጋዩን ወደ እኔ ቢወረውር ይቀለኝ ነበር። የዳይሬክተሩ ባለቤት ዝናብ ባይኖርም ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ ባላቸውን ሳያዩ ቀድመው ወደ ላይ ሰፈር መንገድ ጀመሩ። ዳይሬክተሩ ቆጠራው እስኪያልቅ ወኪል ናቸውና መሄድ አልቻሉም። "ጀመረች" አሉ ለራሳቸው።

ውጤቱን በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ለጠፍኩት። በርበሬ ነጋዴዋ በአሥራ አንድ ድምፅ ተሸንፈዋል። ሠላሳ ሰባቱ ሁሉ ለእሳቸው ይሰጡ ነበር ማለት አይቻልም፤ ድምፅ ሚስጥር ነው፣ ስድስቱ ደግሞ የላይ ሰፈር ናቸው። መደመርና መቀነስ ግን ማንም ይችላል። ወረቀቱ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረስኩ። አለመድረስ አይቻልም። ሟቹ ሲተክሉት የኖሩት ድንኳን ሰፈራችን ባለው በራሳቸው ደጅ ተተክሎ ነበር፤ የተከሉት ብዙ ሰዎች ሆነው ነው መሰለኝ፣ በአንድ በኩል ዘምሟል። ስገባ በአግዳሚዎቹ ላይ የተቀመጡት እነዚያው ሠላሳ ሰባቱ ነበሩ። ቀለም በሌለው ጣታቸው ቆጮ ይቆርሳሉ። "አላህ ይዘንላቸው" ብዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ስለ ምርጫው ማንም አላነሣም፤ የሚወራው ስለ ሟቹና ስለ ኢሱዙው ነበር።

ዕጩዋ ንፍሮ ይዘው ሲመጡ ከጎኔ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ሙሉ የገነባሁት ማብራሪያ አፌ ላይ ነበር። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

"ደንቡን ልትነግሪኝ ነው?"

"አይደለም፣ እትዬ" አልኩ። ደንቡን ልነግራቸው ነበር። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ዕለት 'እሺ' ባልላቸው፣ 'ድንጋዩ አይቆጠርም' ብዬ ብነግራቸው፣ ይቀሩ ነበር?"

ንፍሮውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው እያገላበጡ አሰቡ።

"አይቀሩም። ሰውየውን ማን ይቅበረው?" አሉ። "ግን አውቀው ይሄዱ ነበር። አውቆ መሄድና ተመልሶ መጥቶ ማወቅ አንድ አይደለም፣ ልጄ። እኔም ድንጋይ እንደማይቆጠር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ፣ ጠዋት በርበሬውን ትቼ ሁሉንም በጊዜ አሰልፋቸው ነበር። አንቺም ጠዋት ትንሽ ብታሳጥሪው ጥሩ ነበር ይላሉ።"

"ማን ይላል?"

"ሁሉም ይላል።"

ለአንድ ወር ሰው የሚያውቀውን ደጋግሜ አስረድቼ፣ የማያውቀውን አንድ ነገር በ"እሺ" አልፌዋለሁ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ አይደለም፤ አሁን ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ተማሪዎቹ የማያውቁትን ስለሆነ ነው።

"እንደገና ይወዳደራሉ?" አልኳቸው።

"እስከዚያ አምስት ዓመት ነው፤ እሱ ይደርሳል። እኔን ያስቸኮለኝ ሐምሌ ነው።" ተነሡና የድንኳኑን ዘመም ያለ ምሰሶ በእጃቸው ገፋ አድርገው ፈተሹት። "ቅዳሜ ዕድሩ ከቦዩ ደለል ሊያወጣ ተነጋግሯል። ትምህርት የለም አይደል?"

"የለም።"

"አካፋ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ዶማ እሰጥሻለሁ። ስትመጪ ቀጭን ጫማ እንዳታደርጊ።"

ቅዳሜ ሄድኩ። የተመረጡት የጤና ረዳትም ቦት ጫማ አድርገው መጥተው ነበር፤ ጉዳዩን ለምክር ቤቱ አቀርባለሁ ብለው ለኩ፣ ጻፉ፣ ከዚያም ኮታቸውን አውልቀው ከእኛ ጋር ሲቆፍሩ ዋሉ። ግንበኛው አጠገቤ ነበር። ዶማ አያያዜን አይቶ እጄን ወደ ላይ እንዳደርግ በአንድ ቃል ነገረኝ፣ ሌላ አልጨመረም። ቦዩን ማስፋት በእጅ የሚቻል ሥራ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ማሽን ይፈልጋል፤ አፉን ማዞርም የምክር ቤት ውሳኔ ይፈልጋል። ያወጣነው ደለሉን ብቻ ነው።

በሐምሌ ውሃው ታች ሰፈር ገባ። በርበሬ ነጋዴዋ ቤት ፍራሹን ከልብስ ሰፊው ጋር ሆነን ጠረጴዛ ላይ ስናወጣ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር። አምና እስከ ጉልበት ደርሶ እንደነበር ነገሩኝ።